ከሐምሌ እስከ መስቀል፦ በቋንቋና በታሪክ ተመርቀሽ ጉንችሬ ለተመለስሽ

ጋወኑ ተመልሷል፤ የምርቃቱ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሄዷል። ሳምንት ሳይሞላ «እና አሁን የት ልትገቢ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይጀምራል። ነርሲንግ የተማረችው ጓደኛሽ ሆስፒታል አለላት። አካውንቲንግ የተማረው ባንክ ሄዶ ይፈተናል። አንቺ የተማርሽው ግን ታሪክ፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ቲያትር ወይም ጋዜጠኝነት ነው። ከጉንችሬ እስከ ወልቂጤ በትምህርትሽ ስም የተሰየመ መሥሪያ ቤት ብትፈልጊ አታገኚም።

ይህን የምጽፈው ለአንቺ ነው። ለወንድምሽም ይሆናል፤ «አንቺ» የምለው በዚህ ዓመት ተመርቃ የተመለሰች አንዲት ልጅ በዓይኔ ላይ ስላለች ነው።

እኔም በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ ስመለስ ሰባት ወር ሙሉ በፕላስቲክ ፋይል ኮፒ ይዤ ወልቂጤ ተመላልሻለሁ። እምድብርን፣ ጉብሬን እያለፍኩ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ማመልከቻ አስገብቼ ማታ እመለሳለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ያስገባሁት ማመልከቻ ጠፍቶ ከፈተናው ቀረሁ። ለረጅም ጊዜ የተናደድኩት በዚያ ወረቀት ነበር። ኋላ ቅጂዎቹን ሳገላብጥ ግን በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «በማንኛውም ሥራ ላይ ለመሰማራት ዝግጁ ነኝ።» ማንኛውንም ሥራ የሚፈልግ ሰው ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ቀጣሪው ከየት ይወቀው? እኔስ መቼ አወቅኩት?

ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስቀል ያለውን ሁለት ወር ተኩል ማመልከቻ በመበተን አትጨርሺው። መስቀልን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ኋላ እደርስበታለሁ።

ሐምሌ፦ ወረቀት

ይህ አሰልቺ ነው፤ ቶሎ ጨርሺውና ተገላገዪው። ቴምፖራሪሽና ስቱደንት ኮፒሽ እጅሽ ይግቡ። ዋናው ዲግሪ የኮስት ሼሪንግ ዕዳ እስኪጠናቀቅ እንደሚቆይ አውቀሽ የውሉን ቅጂ በጥንቃቄ ያዢ። የመውጫ ፈተና ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ ያልሆነልሽ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አቆይተሽ መጀመሪያ ለድጋሚው ተዘጋጂ። የፋይዳ መታወቂያና ቲን ከሌለሽ አውጪ።

አንድ ነገር ግን ጊዜ ሰጥተሽ ተመልከቺ፤ ስምሽን። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በዲግሪውና በመታወቂያው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የአባትና የአያት ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ፣ ሥራ ካገኘሽ በኋላ ማስረጃ ማጣራት ላይ ሊያስቆምሽ ይችላል። የሚታረመውን አሁን አሳርሚ። ከዚያ ሁሉንም ስካን አድርገሽ ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም። ዋስ የሚጠይቅ ቀጣሪም አለና፣ ደመወዝተኛ ከሆኑ ዘመዶችሽ ማን ሊፈርምልሽ እንደሚችል ከወዲሁ አስቢበት።

ነሐሴ፦ የሠራሽውን ጻፊ

ዝናብ ነው፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ግዢና አራት ዓመት ሙሉ የሠራሽውን ጻፊ። የኮርስ ስም አይደለም የምልሽ፤ የሠራሽውን ነው።

ለምሳሌ የመመረቂያ ጽሑፍሽ በእነሞር የሠርግ ዘፈኖች ላይ ነበር እንበል። «ጥናት ሠርቻለሁ» ብለሽ አትለፊው። የሆነው እንዲህ ነው፦ እናቶችና ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደሽ ፈቃድ ጠየቅሽ። ማውራት ያልፈለጉትን አግባብተሽ አስወራሽ። በስልክ ቀዳሽ። የቀዳሽውን ከጉራግኛ እየሰማሽ በፊደል ገለበጥሽ፤ ወደ አማርኛ መለስሽ፤ ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ ጻፍሽ። አማካሪሽ በቀይ ያሰመረበትን ሦስት ጊዜ አስተካክለሽ በቀኑ አስረከብሽ። አሁን ቁጠሪው። ማነጋገር፣ መቅዳት፣ መገልበጥ፣ መተርጎም፣ ማሳጠር፣ አርትዖት፣ በቀኑ ማድረስ። እያንዳንዱን ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራ ሰው አለ፤ አንቺ ግን ሁሉንም «የመመረቂያ ጽሑፍ» በሚል አንድ ስም ሸፍነሽዋል።

የታሪክ ተማሪ ከሆንሽ ሁለት የማይስማሙ ምንጮችን አስተያይተሽ የትኛው እንደሚያሳምን አስረድተሻል። ሶሲዮሎጂ ከሆነ መጠይቅ አዘጋጅተሻል። ቲያትር ከሆነ 20 ሰው አስተባብረሽ በተባለው ሰዓት መድረክ ከፍተሻል። ከክፍል ውጭ ያለውንም ጨምሪ፦ የዶርም ተጠሪነት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጀማዓ አገልግሎት፣ ለአያትሽ ዕድር ቃለ ጉባኤ መጻፍ። ለእናትሽ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ይዘሽ ከነበረ እሱንም።

ጉራግኛሽን እንዳትረሺ። ይህን የምለው ለስሜት አይደለም። የእነሞርን ጉራግኛ እየሰማ በትክክል የሚጽፍ፣ ወደ ጥሩ አማርኛና ወደሚነበብ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ይላል። የጤና ዘመቻ መልእክቱ እናቶች በሚገባቸው አፍ እንዲደርስ ይፈልጋል። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የጉራጌ ቋንቋዎችን መዝገበ ቃላት በሦስት ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው እንደ አያቶችሽ ያሉ ተናጋሪዎችን እየጠየቀ ነው፤ ያ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ከዚሁ ምድር የወጣ አንድ ሰው ላንሣልሽ። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ መጽሐፉን የጻፈው በቸሃ ጉራግኛ ነበር፤ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ታተመ። ከዚያ በኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ልብ ወለድ ጻፈ፣ ተረጎመም። ለኑሮው ግን አዲስ አበባ ኤምባሲ ውስጥ ይሠራ ነበር። ጥበቡና እንጀራው ከአንድ ምድጃ አልወጡም፤ ቋንቋው ግን ሁለቱንም መገበ። የምትወጂው ነገርና ደመወዝሽ አንድ ካልሆኑ ከስረሻል የሚልሽ ሰው ቢያጋጥምሽ ይህን አስቢ።

ማስታወቂያ አነባበብ

በወረዳው አስተዳደር ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አንድ የሥራ ማስታወቂያ ስልክሽ ላይ አንሥተሽ ቤትሽ ገብተሽ አንብቢ። እንዲህ ይላል እንበል። የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ። ተፈላጊ ችሎታ፦ በጋዜጠኝነት፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ» የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። ምዝገባ፦ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለተወሰኑ ተከታታይ የሥራ ቀናት፤ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ በአካል መቅረብ።

አብዛኛው ተመራቂ የራሱን ዲፓርትመንት ስም ፈልጎ ካጣ ያልፋል። አንቺ ሦስት ቦታ አስምሪ። «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል በር ነው፤ ምን ምን ያካትታል ብለሽ የሰው ሀብት ክፍሉን በአክብሮት ጠይቂ። ዜሮ ዓመት የሚለው የተጻፈው ለአንቺ ነው። ቀኑ ደግሞ የሚቆጠረው አንቺ ካየሽበት ሳይሆን ከተለጠፈበት ስለሆነ ሰሌዳውን በሳምንት ሁለቴ እለፊበት።

እንዲህ ያሉ 10 ማስታወቂያዎች ሰብስቢ፤ ከሰሌዳ፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከሪፖርተር፣ ከኢትዮ ጆብስ፣ ከቴሌግራም። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎች በአንድ ከተማ ተሰብስበው አይገኙም፤ እንደ ሆሳዕና፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራና ወራቤ ባሉ ከተሞች ተከፋፍለዋልና ወልቂጤን ብቻ አትጠብቂ። አሥሩን ጎን ለጎን አድርገሽ በየማስታወቂያው ላይ የሚደጋገመውን ቁጠሪ። ከዲግሪው ቀጥሎ የምታገኚው ኮምፒውተር እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ወርድና ኤክሴል። ስለዚህ የነሐሴ ትምህርትሽ ኤክሴል ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በዳታና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ ለሶሻል ተማሪም ክፍት ነው። ኢንተርኔቱ ማታ ሲሻል ገብተሽ ጨርሺው።

ለመቀጠር ገንዘብ አትክፈዪ። «ለፎርም»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለፕሮሰስ» ቢሉሽም አትክፈዪ። በቴሌግራም አድራሻው ያልታወቀ ድርጅት መታወቂያሽንና የባንክ ቁጥርሽን አስቀድሞ ከጠየቀሽ ተዪው።

መስቀል፦ ሥራ ሳይሆን ስለ ሥራ ጠይቂ

እንግዲህ ወደ መስቀል። የአገራችን ልጅ ከመርካቶም ይሁን ከሐዋሳ፣ ዓመቱን የትም ከርሞ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ለአረፋ። ሌላ አገር ያለ ተመራቂ አንድ ባለሙያ ለማግኘት ስንት በር ያንኳኳል፤ ለአንቺ ግን የባንክ ሠራተኛው፣ አስመጪው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ ጠበቃዋ፣ የግል ትምህርት ቤት ባለቤቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ በመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ በጀፎረ ላይ፣ ይመላለሱልሻል። ይህን ሳምንት ቆጮና ክትፎ ብቻ በልተሽ ካሳለፍሽው ሌላ ዓመት ትጠብቂያለሽ።

ከነሐሴ ጀምረሽ አምስት ሰው ምረጪ። ሁሉም ትልቅ ሰው አይሁኑ፤ ሁለቱ ከአንቺ ሦስትና አራት ዓመት ቀድመው በሶሻል የተመረቁ ይሁኑ። ትልልቆቹ በሩን የገቡት ከዘመናት በፊት ነው፤ ዛሬ በሩ የት እንዳለ የሚያውቁት ትናንት የገቡት ናቸው።

ቀኑን አስተውዪ። እርዱ በሚታረድበት፣ ቤቱ በእንግዳ በሚጨናነቅበት ቀን አይሆንም። ግርግሩ ሲቀንስ፣ ሰው በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣ ሂጂ። ባዶ እጅሽን ግን አይደለም፤ የነሐሴው ደብተር ከአንቺ ጋር ይሁን። እንዲህ በዪ፦

«ጋሼ፣ ሥራ አስገቡኝ ብዬ አይደለም የመጣሁት። እርስዎ ያሉበትን ሥራ ለመረዳት ሩብ ሰዓት ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ብዙ ይለውጣል። ሥራ ስትጠይቂው ሰው ይጨነቃል፤ በእጁ የለም፣ የለኝም ማለትም ያፍራል። ስለዚህ «እሺ፣ ሲቪሽን ላኪልኝ» ይልሻል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስለ ሥራው ስትጠይቂው ግን የሚያውቀውን ነው የምታስወሪው። ጥያቄዎችሽ ጥቂት ይሁኑ፦ ትናንት ቢሮ ገብተው እስኪወጡ ምን ምን ሠሩ? ከሥራዎ ከባዱ የትኛው ነው? ዛሬ እንደ እኔ የተመረቀ ሰው በየትኛው መደብ ይገባል? እኔ የሠራሁት ይህ ነው፣ ምን ይጎድለኛል? በመጨረሻም ከእርስዎ ሌላ ማንን ላነጋግር? የመጨረሻው ጥያቄ ካልተጠየቀ ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ከተጠየቀ አምስቱ ሰው አሥር ይሆናል።

ነጋዴ አጎትሽን ከዝርዝሩ አታውጪ። «ዲግሪ ይዤ ሱቅ ልቁም?» የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ፣ መርካቶ ውስጥ አንድ አስመጪ ስንት ወረቀት እንደሚጽፍ ጠይቂው። ከውጭ አቅራቢ ጋር በእንግሊዝኛ መጻጻፍ፣ ለባንክና ለጉምሩክ ደብዳቤ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የዕቃ ማስታወቂያ በቴሌግራምና በቲክቶክ። «በወረቀት ሥራ በኩል ምን ያስቸግርዎታል?» በይው። እኔ የማውቃት ልጅ ሥራዋን ያገኘችው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ አጎቷ ኢሜይል ለማስጻፍ ለሰው ይከፍል ነበር።

የሰማሽውን በዚያው ማታ ጻፊው። ከአምስቱ በኋላ ደብተርሽ ላይ አንዳንዱ ሥራ ሲያጓጓሽ፣ አንዳንዱ ገና ስትሰሚው ሲያደክምሽ ታያለሽ። ያጓጓሽን ሁለት ብቻ አስቀሪ።

ከጥቅምት በኋላ፦ በትንሹ ሞክሪ

የቀሩትን ሁለቱን ሥራዎች ሳትቀጠሪም መቅመስ ይቻላል፤ ከሚከተሉት መንገዶች ለአንቺ የሚሆኑትን ውሰጂ።

መረጃ መሰብሰብ ለሶሻል ተመራቂ ጥሩ መግቢያ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ቡታጅራን ተመልከቺ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገጠሩን ሕዝብ ልደትና ሞት በቋሚነት ሲመዘግቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው የከባድ አእምሮ ሕመም ጥናት ደግሞ ወደ 68,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የታተመው ውጤት የቆመው በር አንኳኩቶ «ደህና ዋላችሁ» ብሎ፣ ስለ ሕመም መናገር የሚያሳፍራትን እናት በትዕግሥት አዳምጦ በጻፈ ሰው ላይ ነው። ይህ አራት ዓመት የተማርሽው ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ዛሬም ለሳምንታት መረጃ ሰብሳቢ ይቀጥራሉ፤ የሚሰበሰበው በታብሌት ስለሆነ ኮቦ የሚባለውን መተግበሪያ በስልክሽ ጭነሽ ተለማመጂ። ጉብሬ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ በአካባቢው ጥናት የሚሠሩትን መምህራን አነጋግሪና ስምሽን ተዪ። ከአንድ ሥራ የሚወጣ የምስክር ወረቀት ያንን ዜሮ ዓመት ይሰብርልሻል።

ማስተማር ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ከሆነ ለሙሉ ዓመት ከመፈረምሽ በፊት ማስጠናት ጀምሪ። ሦስት የ8ኛ ክፍል ልጆች ሰብስበሽ ሁለት ወር አስጠኚ፤ ሁለተኛው ወር ላይ አሁንም ደስ የሚልሽ ከሆነ መንገድሽ ነው። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ሊጠየቅ ይችላልና ማስታወቂያውን ተከታተዪ። የግል ትምህርት ቤቶች ግን በብዛት የሚቀጥሩት ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው፤ ለዚህ ዓመት ካመለጠሽ በሁለተኛው ሴሚስተር የሚለቅ መምህር አይጠፋም።

ሦስተኛው ጉንችሬ ላይ ራስሽ የምትከፍቺው ነው። የፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ የሚያስብ ጸሐፊ ግን የለውም። ገበሬው አቤቱታውን፣ ዕድሩ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ወጣቱ ሲቪውን፣ የተደራጁ ሴቶች የብድር ፕሮፖዛላቸውን የሚያጽፉበት ቦታ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ማሽን አትግዢ፤ ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ተስማምተሽ አንድ ወንበር ያዢና በገጽ ተካፈዪ። ሦስት ወር ደንበኛሽን ቁጠሪ። ካዋጣ እቁብ ገብተሽ ላፕቶፕ ትገዣለሽ፤ ንግድ ፈቃዱም ከዚያ ይከተላል።

ሬዲዮ፣ ቱሪዝም፣ ባህል ጽሕፈት ቤት የሚስቡሽ ካሉ ሥራ ሳትይዢ ናሙና ሥሪ። የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ 36 ናቸው፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ሄደሽ እዪያቸውና ለጎብኚ የምትናገሪውን የአምስት ደቂቃ ገለጻ በሁለት ቋንቋ ቅጂው። ወይም ስለ ጀፎረ የሦስት ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት በስልክሽ አዘጋጂ። ቃለ መጠይቅ ስትገቢ «እችላለሁ» ከማለት ከፍተሽ ታሰሚያለሽ።

ጉንችሬ፣ ወልቂጤ ወይስ አዲስ አበባ

በስሜት አትወስኚ፤ ቁጠሪው። በአንድ ገጽ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የቀን ትራንስፖርት፣ የሞባይል ካርድ ጻፊ፤ ከሚከፈልሽ ቀንሺ። ብዙ ጊዜ ጉንችሬ ላይ ያለ አነስተኛ ደመወዝ አዲስ አበባ ካለው ከፍ ያለ ደመወዝ የበለጠ ይተርፋል። ዘመድ ቤት የምታርፊ ከሆነ «እስኪሆንልኝ» ብለሽ አትግቢ፤ «ሦስት ወር፣ እስከ ጥር መጨረሻ» በዪና ቀኑን አክብሪ። እንግድነት ቀን ሲኖረው አክስትሽም አንቺም ትከባበራላችሁ።

ሥራ ስታገኚ ውሉን አንብበሽ ቅጂውን ያዢ። በግል ድርጅት የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «ስድስት ወር ያለ ደመወዝ ሞክሪ» የሚልሽን በጨዋ ቃል ተሰናበቺው።

ማስተርስስ? አንድ ዓመት ሠርተሽ በምን ላይ እንደምትማሪ ካወቅሽ ተማሪ። ቤት መቀመጥ ስላስፈራሽ ብቻ ከሆነ ግን ይቆይ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው የዛሬው ጥያቄ ይጠብቅሻል።

ቤት ውስጥ

አባትሽ ዝም ማለቱን እንደ ቁጣ አትያዢው። ልጁ ተመርቃ ምን እየጠበቀች እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ደብተሩን ይዘሽ ቡና ላይ ተቀመጪና አስረጂው፦ ሐምሌ ይህን ጨርሻለሁ፣ ለመስቀል እነዚህን አምስት ሰዎች አነጋግራለሁ፣ እስከ ጥር ሁለት ነገር እሞክራለሁ፣ በጥር መጨረሻ ቁጭ ብለን እንወስናለን። ከአምስቱ ሁለቱን እሱ ራሱ ሊጠራልሽ ይችላል። ሥራ ፈላጊ ልጅ ከብት ማሰሩና እንሰት መፋቁ ሁሉ በእሷ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት የአንቺ እንዲሆን፣ ከዚያ በኋላ የቤቱ እንዲሆን ተስማሙ።

በኅዳር አጋማሽ ደግሞ በመስቀል ያነጋገርሻቸውን አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ደውዪላቸው። አጭር ይሁን፦ «ጋሼ፣ እንደነገሩኝ ኤክሴሉን ጨረስኩ፤ ያሉኝንም ሰው አገኘሁት፤ አሁን ሁለት ሳምንት መረጃ ስሰበስብ ቆየሁ።» ምንም አትጠይቂ። ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት አንዳቸው «ቆይ፣ አንድ ነገር ሰምቼ ነበር» ማለታቸው አይቀርምና እስክሪብቶ በእጅሽ ይኑር።